ነገ ጥላ ስር እንዋል፦ ድሬና ሐረር ላይ ሰው ይዞ በዛፍ መሃል ቀስ ብሎ ለመሄድ

መጀመሪያ የመራሁት ጉዞ ከሽፏል። 14 ሰው ነበርን። አንዱ ስፒከር ይዞ መጣ፣ ሁለቱ ለቲክቶክ ብለው መቀየሪያ ልብስ አንጠልጥለው ነበር፣ እኔ ደግሞ ያነበብኩትን ሁሉ ካላካፈልኩ ብዬ ከመነሻችን እስክንመለስ አፌ አልተዘጋም። በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ኪሎሜትር ገደማ ሄድን። ላብ በላብ ሆነን ጁስ ቤት ገባን። እዚያ ቁጭ እንዳልን አንዷ ልጅ "አቦ ደስ ይላል፤ ግን ዛፍ አይተን ነበር እንዴ?" አለች። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ሳስበው ግን እውነቷን ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቅዳሜ አልፏል፤ ብዙ ስህተትም ሠርቻለሁ። ይሄን የምጽፈው ድሬ ወይም ሐረር ሆኖ ጓደኞቹን፣ የሥራ ባልደረቦቹን ወይም ቤተሰቡን ይዞ ለመውጣት ላሰበ ሰው ነው። ሲታይ ሙያ የሚጠይቅ አይመስልም። ይጠይቃል። የመሪው ሥራ ሁለት ነው፦ ሰውን ማዘግየትና ራሱ ዝም ማለት። ሁለቱም ከባድ ናቸው፣ ሁለተኛው ይብሳል።

ነገሩ ምንድን ነው?

ጃፓኖች ሺንሪን ዮኩ ይሉታል። ሺንሪን ደን ነው፣ ዮኩ መታጠብ። ስሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት ነው። ሳሙናም ውኃም የለበትም። የምትታጠቡት በአየሩ፣ በድምፁ፣ በሽታው፣ በቅጠል መሃል በሚገባው ብርሃን ነው። ተራራ መውጣት አይደለም፣ ስፖርትም አይደለም፣ የዕፅዋት ትምህርትም አይደለም። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆይታችሁ አንድ ኪሎሜትር ካልሞላችሁ በትክክል ሠርታችኋል ማለት ነው። እኔ ሰው ስጠራ የጃፓንኛውን ስም ትቼዋለሁ፤ ሲሰሙት ካራቴ ይመስላቸዋል። "ነገ ጥላ ስር እንዋል" ነው የምለው፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

"ይጠቅማል ወይ?" የሚል አይጠፋም። ዛፎች ራሳቸውን ከተባይና ከፈንገስ ለመከላከል ወደ አየር የሚለቁት ነገር አለ፣ ፊቶንሳይድ ይባላል። ጽድ ስትጠጉ አፍንጫችሁን የሚነካው ሽታ ከዚያው ወገን ነው። ቺንግ ሊ የሚባሉ የቶኪዮ ሐኪም ከነባልደረቦቻቸው 12 ወንዶችን ለሦስት ቀን ደን ወስደው ደማቸውን ሲመረምሩ፣ ኤንኬ የሚባሉት በሽታ ተዋጊ ነጭ የደም ሕዋሶች ሥራቸው ጨምሮ አገኙት። ደስ ይላል። ግን 12 ሰው 12 ሰው ነው። እኔን የበለጠ የያዘኝ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ነው። ወደ 20,000 ሰው ተጠይቆ፣ በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ ተፈጥሮ መሃል የሚያሳልፉት ጤናችን ጥሩ ነው የማለት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። 120ውን ደቂቃ በአንድ ቀን ጨረሱትም ከፋፈሉትም ለውጥ አልነበረውም። እርግጥ ነው፣ ሰው ስለወጣ ነው ጤነኛ የሆነው ወይስ ጤነኛ ስለሆነ ነው የወጣው የሚለውን ጥናቱ አይለይም። ስለዚህ ሰው ስትጠሩ "ስኳር ያጠፋል፣ ግፊት ያወርዳል" ብላችሁ አትጥሩ። መድኃኒት የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን ይዋጥ። "ትንሽ ትተነፍሳላችሁ" በሉ፤ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጃፓን ውስጥ ነገሩ የተጀመረው ቀዝቀዝ ባለ፣ ጽድ መሰል ዛፍ በሞላው ደን ነው። አሁን ሐዋይም፣ ኮስታሪካም፣ ማሌዥያም ሰው እየመሩ ያስገባሉ። ሐሩር ደን ሲሆን ጨዋታው ይለወጣል፦ ሙቀት አለ፣ እርጥበት አለ፣ የሚነክስ አለ፣ ድምፁም አንድ አፍታ አያርፍም። እኛም ያለነው ሐሩር ክልል ውስጥ ነው። እውነተኛውን እርጥብ ደን የፈለገ ሐረና፣ ከፋ፣ ሸካ ወይም ያዩ ይሂድ፤ እዚያ ግን ያካባቢውን ሰው ሳይዝ አንድ እርምጃ እንዳይገባ። ድሬና ሐረር ሌላ ናቸው። እዚህ ደን ሳይሆን ጥላ ነው ያለን። እሱም በቂ ነው፣ ሰዓቱን ካወቃችሁበት።

ሰዓት

ድሬ ላይ የምትመራችሁ ፀሐይ ናት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው እርምጃ መነሳት አለበት። መገናኛ ሰዓት ማለቴ አይደለም፣ መጀመሪያ ሰዓት ነው። ቀጠሮው 12 ሰዓት ይሁን፤ ባህሪያችንን ስለማውቅ ደግሞ ለሰዎቹ "ሩብ ጉዳይ" እላቸዋለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር አልቆ፣ የሚጠጣው ተጠጥቶ፣ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ አለበት። ከዚያ በኋላ የዛፉ ጥላ ራሱ ይሞቃል። ሰው ሲሞቀው ደግሞ የሚያስበው ስለ ወፍ ድምፅ ሳይሆን ስለ ቀዝቃዛ ውኃ ነው።

ከሰዓት በኋላስ ያላችሁኝ እንደሆነ፣ ከሰዓት ድሬ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። አትታገሉት። እንዲያውም ለድሬ ልጅ ይህን ነገር ማስረዳት ይቀላል፦ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ የትም አለመድረስን እናውቅበታለን። እዚህ የሚጎድለው ወሬው ብቻ ነው።

ግንቦትና ሰኔ ድሬ ላይ ባትሞክሩት እመርጣለሁ። ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ ይጠጋል፤ ማለዳውም አይምርም። በእነዚያ ወራት ወደ ላይ ውጡ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ስድስት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደንገጎን ስትወጡ የሚኒባሱን መስኮት ክፈቱ፣ ጆሯችሁ ሲደፈን አየሩም ሲቀየር አብሮ ይሰማችኋል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ድሬ ራሷ ሸጋ ናት፤ የትም መሄድ አያስፈልግም።

ሐረር ላይ አንድ ሰዓት ላይ ጀምሩ። ቀድማችሁ አትውጡ። ሐረር ሌሊቱ የጅብ ነው፤ ጅቦቹ ሰው የለመዱ ቢሆኑም፣ ከከተማ ወጣ ባለ መንገድ ላይ በድንግዝግዝ ስምንት ሰው አሰልፎ ዓይን አስጨፍኖ ማቆም ብልህነት አይደለም። ፀሐይ ትውጣ፤ እነሱም ይግቡ።

ቦታ

ትልቅ ደን ፍለጋ አትልፉ። የሚያስፈልጋችሁ አምስት ስድስት ትልልቅ ዛፍ፣ የሚቀመጡበት ጥላ፣ መኪና የማይጮህበት ጥግና ፈቃድ ነው።

ለጀማሪ ከዚራን እመክራለሁ። ሰዎች ይስቁብኛል፤ "ከዚራ ጫካ ነው እንዴ?" ይላሉ። አይደለም። ግን ከባቡሩ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ1902 የተወለደ ሰፈር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ዳርና ዳሩ በዛፍ የተያዘ። እሁድ ማለዳ ባጃጁ ሳይነሳ ግቡበት። የኒሙ ጥላ አለ፣ ቀይ አበባ የሚያወጣው ዛፍ አለ። ይሄኛውን ሌላው አገር "የድሬዳዋ ዛፍ" ነው የሚለው፣ በእኛ ስም። የመጣው ግን ከማዳጋስካር ነው፤ ኒሙም ከህንድ። ድሬ ውስጥ ማን ያልመጣ አለ? አበባው ረግፎ አስፋልቱን ቀይ ሲያደርገው ያየ ሰው፣ ያን ቀን መሪ አያስፈልገውም።

የደቻቱን፣ ድሬን አቋርጦ የሚያልፈውን የደረቅ ወንዝ፣ አሸዋ አይታችሁ ልትጎመጁ ትችላላችሁ። ማለዳ ሲረግጡት ቀዝቃዛ ነው፣ ጫማ አውልቆ ለመሄድ የተሠራ ይመስላል። በበጋ፣ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ሲል፣ ዳሩን ይዛችሁ ትንሽ መሄድ ይቻላል። ደመና ወደ ተራራው በኩል ከታየ ግን በጭራሽ። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ዘንቦ ውኃው ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ድሬ ውስጥ ያን ሌሊት የማያስታውስ ትልቅ ሰው አታገኙም። ክረምት ላይ ከደቻቱ ራቁ። ከማንም ጋር አልከራከርበትም።

ሐረር ላይ ምርጫው ሰፊ ነው። ብዙ ሰው ጀጎል ውስጥ ይጀምራል፤ እኔ አልወደውም። ቅያሶቹ ለዓይን ድግስ ናቸው፣ ግን ሕፃኑ ይከተላችኋል፣ አስጎብኚው ይጠራችኋል፣ ሰው ደጁ ላይ ተቀምጦ ሰላም ይላችኋል፣ ሰላምታ ደግሞ ዝም አይባልም። ከበሮቹ አንዱን፣ ኤረር በርን ወይም ሰንጋ በርን ይዛችሁ ወደ ውጭ ውጡ። ወደ እርሻውና ወደ ዛፉ ያሉ የእግር መንገዶች አሉ። ሐኪም ጋራም አለ፤ ከላይ ከተማዋ ከነግንቧ ትታያለች። ለዕይታ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን አናቱ ድረስ መውጣት አያስፈልግም፤ ሰው አቀበት ሲወጣ ትንፋሹን እንጂ ቅጠሉን አይሰማም። ከግርጌው ጥላ ፈልጉና እዚያው ቅሩ።

አዋች፣ ማለትም የወሊዮች መታሰቢያ ቦታ፣ ባለበት ብዙ ጊዜ አሮጌ ዛፍ አይጠፋም፤ የተከበረ ቦታ ስለሆነ መጥረቢያ አይደፍረውም። መቀመጥ ከፈለጋችሁ የቦታውን ጠባቂ አስፈቅዱ። ጫማ አውልቁ ካላችሁ አውልቁ፣ ሴቶች ሻሽ ይያዙ። የሚጸልይ ሰው ካለ ደግሞ ሌላ ዛፍ ፈልጉ።

ከሁሉ የሚከብደው የገበሬ መሬት ነው። ሐረርጌ ጥላ ያለው የእግር መንገድ ሁሉ የሆነ ሰው ማሳ ውስጥ ያልፋል፤ ያ ማሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጫት ነው። ጫት ባለበት ጠባቂ አለ፤ ጠባቂ ባለበት ዝም ብለው ቆመው ቅጠል የሚያሸቱ ስምንት የከተማ ሰዎች ሌባ ነው የሚመስሉት። በእኔ ደርሷል። ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ ሲመጡ፣ አብረውኝ ካሉት ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እንቅልፍ ወስዶት ነው። ስለዚህ ከቀኑ በፊት ሂዱ። "አካም ቡልተኒ" ብላችሁ ጀምሩ፣ ኦሮምኛችሁ ባይሟላም ሙከራው ብቻ ፊት ያበራል። ምን እንደምታደርጉ በቀላሉ ንገሯቸው፦ "ጥላ ስር ተቀምጠን እንሄዳለን፣ ቅጠል አንቆርጥም፣ ፎቶ አናነሳም።" ደግሞ ጫቱ ላይ መድኃኒት ይረጫል። የማንንም ማሳ ቅጠል እንዳትነኩ፣ አፍ ውስጥ እንዳታስገቡ።

ባቢሌን አትጠይቁኝ። የዝሆን መጠለያ ነው፤ ዝሆን ባለበት አገር በእግር የሚገባው ከጥበቃ ሠራተኛ ጋር ነው፣ ዓይን ተጨፍኖም አይደለም።

ቦታውን ከመረጣችሁ በኋላ ብቻችሁን ሁለት ጊዜ ሂዱ፣ ሰው ይዛችሁ በምትመጡበት በዚያው ሰዓት። ፀሐይ ከየት እንደምትመጣ፣ ጉንዳኑ የት እንዳለ፣ ስንት ሰዓት ላይ የፍየል መንጋ እንደሚያልፍ እዩ። እኔ አንዴ በ10 ሰዓት ያየሁትን ጥላ ተማምኜ በማለዳ ሰው ወሰድኩ። ጥላው በሌላኛው በኩል፣ አጥር ውስጥ ነበር።

ሰውና ዕቃ

ስድስት ሰው፣ ሲበዛ ስምንት። ከዚያ ካለፈ ሁለት ወሬ ይፈጠራል። የሩቅ ጓደኛማቾች ጥሩ ናቸው፣ አዲስ ፍቅረኛማቾች ከባድ ናቸው። ትልልቅ ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁ።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሊትር ውኃ፣ ረጅም እጅጌ፣ የሚቀመጡበት ቁራጭ ሸራ ወይም ሻርፕ፣ የተዘጋ ጫማ። ሽቶ አይቀባም፤ አንድ ሰው የተቀባው ሽቶ የስምንት ሰው አፍንጫ ይዘጋል። ስልክ አንድ ፌስታል ውስጥ ይሰበሰባል፣ ፌስታሉን መሪው ይይዛል፤ የመሪው ስልክ ብቻ ለድንገተኛ ነገር ድምፁ ጠፍቶ ክፍት ይሆናል። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። ስጡ ብላችሁ እጃችሁን ዘርጉ፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ።

ወደ ውስጥ

መነሻ ላይ የማወራው ሦስት ደቂቃ ነው። የት እንደምንሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደምናልቅ፣ የታመመ ወይም የሰጋ ሰው እጁን ቢያነሳ እንደምንቆም እናገራለሁ። ከዚያ አንድ ድንጋይ ወይም አንድ ዛፍ አሳያቸውና "ይሄ በራችን ነው፣ ሲታለፍ ወሬ ይቆማል" እላለሁ። ሐረር የበር አገር ስለሆነች ይሄ ለማንም አይከብደውም። በሩን አንድ በአንድ ያልፉታል፣ በመሃላቸው 10 እርምጃ ያህል ይተዋሉ።

ከበሩ ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመን ዓይን እንጨፍናለን። አሥር ደቂቃ። እዚህ ጋ የመሪው ድምፅ ወሳኝ ነው፤ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ አታሳምሩት፣ ለቤት ሰው እንደምታወሩት አውሩ። ከእግር እጀምራለሁ፦ "መሬቱ ይሰማችኋል? ጠጠር አለ?" ዝም። ከአንድ ደቂቃ በላይ ዝም። "ነፋሱ በየት በኩል ፊታችሁን ይነካል?" ዝም። "ቅርብ ያለው ድምፅ ምንድን ነው? የመጨረሻው ሩቅ ድምፅስ?" ድሬ ላይ ሩቁ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ባጃጅ ነው። ይሁና። አታባሩት፣ ይስሙት፣ እሱም ያለ ነገር ነው። "አፍንጫችሁስ?" በመጨረሻ ዓይን ይከፈታል፤ "አሁን ዛፎቹ እናንተን ሲያዩ የቆዩ ያህል ቀስ ብላችሁ ግለጡ" እላለሁ። ይሄን ስናገር መጀመሪያ ሰሞን አፍር ነበር። አሁን አላፍርም፤ ሰው ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ ላይ የማየው ነገር ኀፍረቴን አስጥሎኛል።

ከዚያ እንሄዳለን፣ ግን እንደ ሙሽራ። ይሄን ቃል ካገኘሁ በኋላ ተገላግያለሁ። "ቀስ በሉ" ሲባል ሰው ትንሽ ይቀንስና ይረሳዋል። "እንደ ሙሽራ" ስትሉት ግን አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ። መሪው ከፊት ነው፣ ማንም አይቀድመውም። ሥራቸው አንድ ነው፦ የሚንቀሳቀስ ነገር መፈለግ። ቅጠል ሊሆን ይችላል፣ ጉንዳን፣ የሸረሪት ድር፣ ሐረር ላይ ደግሞ ከላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚዞረው ጭልፊት። ሩብ ሰዓት ይበቃል። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሰው ይሰለቻል። ስምንተኛው ላይ ይናደዳል። አሥረኛው ላይ የሆነ ነገር ይለቃል፤ ትከሻ ሲወርድ ከኋላ ይታያል። እዚህ ጋ ነው አብዛኛው አዲስ መሪ ፈርቶ ወሬ የሚጀምረው። አትጀምሩ። ምላሳችሁን ንከሱ።

ቀጥሎ የምሰጣቸው ነገር ግብዣ ነው እንጂ ትዕዛዝ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ያህል ይሰጣል፣ ሁሉም በየፊናው ይበተናል፣ ግን እንድንተያይ ሆነን። ሲያበቃ ሲኒ በማንኪያ ሁለቴ መታ አደርጋለሁ፤ ከጩኸት ይሻላል፣ ድምፁም ሩቅ ይሄዳል።

አንዱ ግብዣ የጥላ ነው። አንድ ጥላ መርጠው ጠርዙ ሲሄድ ያዩታል። ጠዋት ላይ ጥላ ይሄዳል፣ እውነት፤ ጠጠር አስቀምጡበትና ተመለሱ። ሌላው የሽታ ነው። የወደቀ እንጂ ያልተቀጠፈ ቅጠል አንስተው፣ አሽተው፣ ሽታው የት እንደሚወስዳቸው ማየት። የወፍ ቆሎ አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ ባሕር ዛፍ ጉንፋን ያስታውሳል፣ የወይራ ልጥ ደግሞ ሐረር ያደገን ሰው በቀጥታ ወተት ቅል ወደሚታጠንበት ጓዳ ይወስደዋል። ሦስተኛው ለዛፍ ሰላምታ መስጠት ነው። ይስቃሉ፣ ይሳቁ። ከዚያ ግማሹ ዞር ብሎ ማንም እንዳያየው አድርጎ ይሰጣል።

መጨረሻው መቀመጥ ነው፤ አንድ ቦታ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ምንም ሳያደርጉ። የጉዞው እምብርት ይሄ ነው፣ የቀረው መንገድ መጥረጊያ ነው። አንዴ የጓደኛዬ እናት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው አብረውን መጡ። ሾላ ስር ተቀመጡ። ሲኒው ሲመታ ሁሉም ተነሳ፣ እሳቸው አልተነሱም። ሄጄ "እማማ፣ ደከምዎት እንዴ?" ስላቸው፣ "የለም ልጄ፤ እኛኮ ከብት ስንጠብቅ ይሄንኑ ነበር የምናደርገው፤ ያኔ ግን ሰነፍ ተብለን እንገረፍ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጃፓን የማወራውን በግማሽ ቀንሻለሁ።

ከተቀመጡበት ሲነሱ ክብ ሠርተን አንዲት ድንጋይ በእጅ ትዞራለች። ድንጋዩን የያዘ ይናገራል፣ መናገር ያልፈለገ ያሳልፋታል። ጥያቄው "ምን ተሰማችሁ?" አይደለም፤ እሱ ፈተና ነው፣ ሰው ቆንጆ መልስ ፍለጋ ይገባል። "ምን አስተዋላችሁ?" ነው። "ጉንዳን የሞተ ፌንጣ ሲጎትት አየሁ" መልስ ነው፣ ሙሉ መልስ። አታርሙ፣ አታብራሩ፣ "ዋው" አትበሉ። የዛፉን ስም የሚጠይቅ ካለ "ስንጠጣ እነግርሃለሁ" በሉት፤ ስም ሲገባ ማየት ይቆማል። አንዳንዴ የሚያለቅስ ሰው አለ። ምንም አታድርጉ። ውኃ አጠገቡ አስቀምጡና ድንጋዩ ይዙር።

ስለሚጎዳ ነገር

ቁልቋል ሲሰበር የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ከነካችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ፊት አትንኩ፣ ዓይን ከገባ በብዙ ውኃ እያጠባችሁ ቀጥታ ሐኪም ቤት። ድሬ ዳር ዳሩን የሚበቅለው ሰፊ ቅጠል ያለው ወተታምም እንደዚያው ነው። ከደንገጎ በላይ ሳማ አለ፤ የነካው ያውቀዋል። ድሬ ላይ ትንኝ ቀልድ አይደለም፤ ወባው እንዳለ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊም ገብቶ ነበር፣ የዴንጊዋ ትንኝ ደግሞ የምትነክሰው በቀን ነው፣ ማለዳን ትወዳለች። ረጅም እጅጌ ያልኩት ለዚህ ነው። መቀመጫውን መሪው ቀድሞ በእንጨት ይንካው፣ ድንጋይ ስር ጊንጥ ይኖራል። ዝንጀሮ ወይም ጦጣ ካለ ምግብ አታውጡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ያለው ሰው ካለ ጉዞው እዚያው ያበቃል፤ ጥላ፣ ውኃ፣ እርጥብ ጨርቅ አንገት ላይ፣ ቶሎ ካልተሻለው መኪና።

መዝጊያ

ውጭ አገር ያሉ መሪዎች መጨረሻ ላይ ከዚያው ከደኑ ቅጠል ሻይ አፍልተው ያጠጣሉ። እኛ ይሄን ከማንም አንማርም። ሐረር ቁጢ አለ። የቡና ቅጠል ደርቆ፣ ምጣድ ላይ ቆላ ተደርጎ፣ ቀይ እስኪሆን ድረስ ይፈላል፤ ጨው የሚወድ ጨው፣ ስኳር የሚወድ ስኳር፣ ወተት የሚጨምርም አለ። ፍሬውን ዓለም ሁሉ ይጠጣዋል፣ ቅጠሉን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ቤት አፍልቼ በፔርሙስ ነው የምወስደው፤ ሜዳ ላይ እሳት ማንደድ የገበሬውንም የዛፉንም ልብ ያስደነግጣል። ወተቱን ለብቻው ያዙ፣ የሚጾም አይጠፋም። ረመዳን ላይ ቁጢውን ትቼ ጉዞውን በግማሽ አሳጥረዋለሁ፤ የጾመ ሰው ፀሐይ ላይ አይቆይም።

ያ የውጭዎቹ ልማድ የመጀመሪያውን ሲኒ ለደኑ መሬት ላይ ማፍሰስ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ሲኒ የምሰጠው ለማሳው ጠባቂ ነው። በፊት ዱላ ይዘው የሮጡብን ሽማግሌ አሁን ፔርሙሱን ሲያዩ ራሳቸው ይመጣሉ፣ ጨው አነሰው ይላሉ፣ ትክክል ናቸው። የዛፍ ስም ጥያቄም ያን ጊዜ ይወጣል፤ እሳቸው በኦሮምኛ ይነግሩናል፣ እኛ በአማርኛ እንመልሳለን፣ አንዳንዱን ማናችንም አናውቀውም።

ከዚያ ሲኒ ይቆጠራል፣ ቆሻሻ ይለቀማል፣ የሸራው አቧራ ይራገፋል። የስልኩን ፌስታል ከሁሉም በኋላ ክፈቱት። ስልኩ እጃቸው ከገባ የምትሉትን የሚሰማ አታገኙም፤ ስለዚህ የባጃጅ ወይም የሚኒባስ ሒሳብ ካለ ቀድማችሁ ሰብስቡ።